ጁዶ ወይስ ካራቴ ብለሽ ለጻፍሽልኝ

ለምወድሽ እህቴ ለማናለብሽ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? በክረምቱ የጀመረሽ የጆሮ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ብርድ ሲሆን አሁንም ይነሳብሻል? ትምህርቱስ፣ የጽሕፈት መኪናው ልምምድስ እንዴት ይዞሻል? እትዬ ከፈለች ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጋሽ ፈንታው ሥራ መግባት ጀመሩ? ትንሿ ወይንሸትስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? እኔ አለሁ። ወባው ዘንድሮ እስካሁን አልጎበኘኝም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አስተምራለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግን መዋሸት ይሆንብኛል። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ታዪዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የሥራ ባልደረባዬ ሙላው ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ በእጁ ይሰጥሻል። አንብበሽ ስታበቂ ቅደጂው፤ ሰላምታውን በቃልሽ አድርሺልኝ።

ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በጥር መጨረሻ ነው። ከትምህርት ስትመለሺ አንድ ሰው ድልድዩ አጠገብ ክንድሽን ይዞ እንደጎተተሽ፣ ቦርሳሽን ጥለሽለት እንዳመለጥሽ አነበብኩ። በከፍተኛው የወጣቶች አዳራሽ በአንድ በኩል ጁዶ፣ በሌላ በኩል ካራቴ እንደሚሰጥ፣ ጓደኞችሽ ሁሉ ካራቴው ዘንድ እንደተመዘገቡ፣ አንቺ ግን ሁለቱንም የሚያውቅ ወንድም እያለኝ ለምን በግምት እመርጣለሁ ብለሽ እንደቆየሽ ጽፈሻል። ባለፈው ዓመት ብትጠይቂኝ ኖሮ ግማሽ ገጽ ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን እዚህ የደረሰውን ሳልነግርሽ ልመልስልሽ አልችልም። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽም ለዚህ ነው።

እንደምታውቂው ለስፖርት መምህርነት ስሠለጥን ሁለት ዓመት ጁዶ ተምሬያለሁ። ካራቴውን ደግሞ አብሮኝ በአንድ ክፍል ያድር የነበረ የናዝሬት ልጅ አስተማረኝ። ሁለቱም የጃፓን ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ካራቴ መምታት ነው፤ ሰውየው ሳይደርስብሽ በእጅ በእግርሽ ከሩቅ ታቆሚዋለሽ። ጁዶ የሚጀምረው ሰው ከያዘሽ በኋላ ነው፤ ከእጁ መውጣትን፣ ሚዛኑን አስተሽ መጣልን፣ ከዚያም በፊት ራስሽ መውደቅን ያስተምርሻል። እኛን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ መውደቅ ብቻ ነበር ያስተማሩን። አገጭን ደረት ላይ ማሳረፍ፣ እጅን ዘርግቶ አለመመርኮዝ፣ ጎንን አዙሮ መሬቱን መቀበል። ያን ጊዜ ተሰላችቼ ትቼው ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪያችን ከገበያ ስትመለስ ተጠለፈች። ወደ ክፍሏ አልተመለሰችም። በዚያው ሳምንት ሁለት ልጆች የስፖርት ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንዷ ኡሙሃኒ፣ ሌላዋ ወርቅዬ ይባላሉ። ሁለቱም የዋጃ ልጆች ናቸው፤ ቆቦ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ይማራሉ፣ ዓርብ ዓርብ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዱና እሑድ ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ኡሙሃኒ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መረብ ኳስ ላይ ማንም የማይችላት ልጅ ነበረች። አባቷን በሰባ ሰባቱ ረሃብ ቀብራለች፤ እናቷ ወይዘሮ ሙሚና በርበሬ እየሸጠች ነው የምታስተምራት።

"ጋሼ፣ ሰው መንገድ ላይ ሲመጣብን ምን እናድርግ?" አለችኝ ኡሙሃኒ። "ያንን የጃፓኖቹን ያውቃሉ ይባላል።"

መጀመሪያ ያሰብኩት ጁዶን ነበር። እውነቴን ነው የምነግርሽ። ጠለፋ ማለት መያዝ ነውና መያዝን የሚያውቀው እሱ ነው ብዬ ነበር። ግን ፍራሽ የለንም፤ የሜዳችን አፈር ደግሞ ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው። ጭድ እናነጥፋለን አልኩ፤ በቅድሚያ ግን የልጆቹን እናቶች ማስፈቀድ ነበረብኝና ዋጃ ድረስ ሄድኩ። ወይዘሮ ሙሚና በአክብሮት ተቀበለችኝ፤ ስለ ጁዶው ሳስረዳት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። "መምህር፣ ልጄን ወንድ አቅፎ መሬት ላይ ሊያንከባልላት? አላህ ያውቃል፣ በክፋት እንዳልመጣህ አያለሁ። ይህን ግን አልፈቅድም" አለችኝ። መነካካት የሌለበት ሌላ ዓይነት አለ አልኳት። እሱን ፈቀደች፣ ከቀሚሷ በታች ሱሪ ከለበሰች፣ ሻሿንም ካላወለቀች ብላ።

የቀረው የቀበሌው ፈቃድ ነበር። ያለ ሊቀ መንበሩ ፈቃድ አሥር ሰው ሰብስቦ ማሠልጠን የማይታሰብ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ስለ ሁለቱም ዓይነት የነገርኩትን ሊቀ መንበሩ ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ። "ጭድ ላይ መንከባለል ለአብዮት በዓል ምን ያሳያል? ካራቴውን አድርግ። ድምፅ አለው። መስከረም ሁለት መድረኩ ፊት ካሳያችሁ ፈቅጃለሁ" አለኝ።

እኔም ካራቴውን መረጥኩ። እናትየዋን ደስ አላት፣ ሊቀ መንበሩን ደስ አለው፣ እኔም አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ አሥራ አንድ ሴት ልጆች ሠለጠኑ። ልብሱን ከእርዳታ ዱቄት ጆንያ ሰፋነው፤ ቢነጣም ፊደሎቹ ሙሉ በሙሉ አልለቀቁም፣ የኡሙሃኒ ጀርባ ላይ ግማሽ የስንዴ ዘለላ ቀርቶ ነበር። መስከረም ሁለት ቀን ሜዳው ላይ በአንድ ድምፅ እየጮሁ ሲመቱ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። ኡሙሃኒ ሳንቃ በእግሯ ሰበረች። የቆቦ ሰው ለሳምንት ያንን ሳንቃ ሲያወራ ሰነበተ።

ከሚያዩት አንዱ አራጌ ነበር። አራጌ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃ ያንጠለጠለ፣ ሠላሳውን ያለፈ ሰው። ኡሙሃኒን ፈልጎ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ወይዘሮ ሙሚና ልጄ ትማራለች ብላ መልሳበታለች። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። በኋላ እንደሰማሁት በዓሉ ካለቀ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጦ "ይቺን ከፊቷ አይቀርቧትም" ብሏል። አየሽ፣ እኔው ነኝ ያሳየሁት። ምን እንደምትችል፣ በየት በኩል እንደማትችል፣ ሁሉንም በአደባባይ አሳየሁት።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ዓርብ ነበር። ማሽላው ደርሶ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ከዚያ ክፉ ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ አዝመራ አልታየም ይሉ ነበር። ኡሙሃኒና ወርቅዬ አሥር ሰዓት ግድም ዋጃ ሊገቡ ሲቃረቡ፣ መንገዱ ደረቁን የአሸዋ ወንዝ የሚሻገርበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ፊታቸው ቆመ። ኡሙሃኒ ስንቅ መያዣዋን ጣለችና እንዳስተማርኳት ቆመች። እንዳስተማርኳት ጮኸች። ሰውየው ሲጠጋ በእግሯ አገጩን መታችው፤ ሁለት ጥርሱ ረገፈ። በዚያች ቅጽበት አራጌና ሌላ አንድ ሰው ከማሽላው ወጥተው ከኋላዋ ያዟት። ሁለት እጇን ከጎኗ ጋር አጣብቀው ሲያነሷት እግሯ መሬት ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የምታውቀው ምንም ነገር አልነበረም። ስትወራጭ ጊዜ አራጌ ተናዶ ከወንዙ አፋፍ ቁልቁል ወረወራት። እጇን ዘርግታ ነው የወደቀችው። ክንዷ ተሰበረ፣ ጭኗም ድንጋይ ላይ ተሰበረ።

ወርቅዬ ሮጠች። ዞራ ሳታይ ዋናው አውራ ጎዳና ድረስ ሮጣ እህል የጫነ መኪና ፊት ቆመች። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ወንዙ ሲመጣ ሰዎቹ ጥለዋት ሸሹ። ወርቅዬ እስከ ዛሬ ጓደኛዬን ትቼ ሮጥኩ እያለች ታለቅሳለች። ከመካከላችን ትክክለኛውን ነገር ያደረግሽ አንቺ ብቻ ነሽ ብላት አታምነኝም።

ኡሙሃኒን በዚያው መኪና ወልድያ አደረሷት። ሆስፒታል ሁለት ወር ከምናምን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ገብቼ ከአልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። እሷ ናት ቀድማ የተናገረችው። "ጋሼ፣ ያስተማሩን ሁሉ ፊታችን ለሚቆም ሰው ነበር" አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። ስህተቷን እንደምታርም ጎበዝ ተማሪ ነበር የተናገረችው። ያ ነው የባሰብኝ።

አሁን እስካሁን ለማንም ያልጻፍኩትን ልጻፍልሽ። ወይዘሮ ሙሚና አራጌን ከሰሰች። አራጌ በበኩሉ ጥበቃ ላይ ሳለን መንገደኛ ስንፈትሽ ልጅቷ መታችን ብሎ ጥርሱ የረገፈውን ሰው ይዞ ቀረበ። ነገሩ ዞሮ እኔ ላይ መጣ። ታኅሣሥ ሰባት ቀን ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝና የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ዘጉብኝ። "ሴቶቹን ለማን ነው የምታሠለጥናቸው? ተራራው ላይ ላሉት ወንበዴዎች ነው?" ይሉኛል። ለመስከረም ሁለት ነው፣ እናንተው ፈቅዳችሁ ነው እላለሁ። ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፈቅጄ አላውቅም አለ። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። አንድም ጥፊ አልመቱኝም፣ ማናለብሽ። በዘጠነኛው ቀን በታይፕ የተመታ ወረቀት አመጡልኝ። ተማሪዋ በጠብ አጫሪነት የታወቀች መሆኗን፣ በሥልጠናው ጊዜም ደጋግሜ ያስጠነቀቅኳት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ከፈረምክ ወደ ሥራህ፣ ካልፈረምክ ጉዳይህ ወደ ደሴ ይሄዳል አሉኝ። ወደ ደሴ የሄዱ ሰዎች ትዝ አሉኝ። እናታችን ትዝ አለችኝ። ፈረምኩ።

በማግስቱ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ብድግ አሉልኝ። እንዴት ቀና ብዬ እንዳየኋቸው አላውቅም።

ኡሙሃኒ ጥር አጋማሽ ላይ ከሆስፒታል ወጣች። አንድ እግሯ አጥሯል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ትምህርቱም ቀርቷል። የአራጌ ሽማግሌዎች ይህን ሰምተው ሦስተኛ ጊዜ መጡ። አካሏ ጎድሏል፣ ከእንግዲህ ማን ያገባታል፣ እኛው እንውሰዳትና ነገሩ በዕርቅ ይብቃ ነው የሚሉት። ወይዘሮ ሙሚና ውኃ እንኳ ሳትሰጣቸው ከደጅ መለሰቻቸው። እንግዳ የማትመልስ ሴት ናት እኮ። እኔም በዚያው ሳምንት ሄጄ እናትና ልጅ ፊት ተቀመጥኩና ወረቀቱ ላይ መፈረሜን ነገርኳቸው።

ኡሙሃኒ "ከመፈረምዎ በፊት አንብበውታል?" አለችኝ። አንብቤዋለሁ አልኳት። ምርኩዟን ይዛ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እስከ ዛሬ አላነጋገረችኝም።

እናቷ ግን አላባረረችኝም። መሬት መሬቱን እያየች ነበር የተናገረችው። "ወላሂ፣ እኔም አለሁበት። አንድ ወንድ እንዳይነካብኝ ብዬ እምቢ አልኩህ። ሦስት ወንድ ነካት" አለች። ከዚያ ቀና ብላ "ያን የመጀመሪያውን፣ የከለከልኩህን፣ አሁን ብናደርገው ማን ይይዛቸዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። አልገባኝም ነበር። "እኛ እንይዛቸዋለን። እናቶቹ። አንተ ራቅ ብለህ ቁምና በአፍህ ንገረን" አለችኝ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ከእንግዲህ አይሞከርም። ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ዋጃ እሄዳለሁ። በወይዘሮ ሙሚና ግቢ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዘናል። ስድስት ልጆች ናቸው የቀሩት፣ እናቶቻቸው ደግሞ አምስት፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ እናገራለሁ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መውደቅ ብቻ። ከዚያ እናቶቹ ከኋላ መጥተው ይይዟቸዋል፣ ሁለት ሆነውም ይይዟቸዋል፣ ያነሷቸዋል። መያዙን በጀመርንበት ቀን ወይዘሮ ሙሚና ወርቅዬን ወገቧን አንቃ ስትይዛት ልጅቷ አመመኝ ብላ ጮኸች። "አራጌ ሲይዝሽ ይራራልሻል?" አለቻት እንጂ አልለቀቀቻትም። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ኡሙሃኒ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስወጥታ ትቀመጣለች። እኔን አታየኝም፤ ጭዱን ነው የምታየው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ወርቅዬ ከእናቷ እጅ መውጣት አቅቷት ስትታገል "ክንድሽን ተዪው፣ ወገብሽን ዝቅ አድርጊ" ብላ ከተቀመጠችበት ነገረቻት። ልክ ነበረች። ወርቅዬ ወጣች።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው። ጁዶው ዘንድ ተመዝገቢ። ካራቴ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ የኡሙሃኒ ምት ምት ነበር፣ ፊቷ የቆመውን ሰው መልሷል። ነገር ግን ሴት ልጅን ሊወስድ የሚመጣ ሰው ከፊት አይመጣም፣ ብቻውንም አይመጣም፣ ሲመጣም ይይዛል። መውደቅ ብታውቅ ኖሮ ከዚያ አፋፍ ተወርውራ ትተርፍ ነበር ወይ ብትዪኝ አላውቅም። ምናልባት ክንዷ ይተርፍ ነበር። ምናልባት ምንም አይተርፍም ነበር። ይህን ጥያቄ በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ።

አሠልጣኙን ሄደሽ አንድ ነገር ጠይቂው፤ ሁለት ሰው ከኋላ ቢይዘኝ የምታስተምረኝ አለህ ወይ በዪው። ቢስቅብሽ ተመለሺ። መጀመሪያ መውደቅ ሲያስተምሩሽ እንደኔ አትሰላቺ። በበዓል ቀን መድረክ ላይ ውጡ ቢሏችሁ ታመምኩ በዪ፤ መሠልጠንሽን ለጎረቤትም ለክፍል ጓደኛም አታውሪ። የምትችዪውን ያላወቀብሽን ሰው ነው የምታመልጪው። ከሁሉም በፊት ግን ሩጪ። ቦርሳሽን ጥለሽ ስትሮጪ ፈሪ ሆንኩ ብለሽ የጻፍሽልኝን መስመር ሰርዤዋለሁ። ፈሪስ እኔ ነኝ፤ ፈሪ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ጽፌልሻለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ክሱ የሚሰማው የፊታችን ሰኞ ነው። የእነአራጌ ዋናው ማስረጃ የኔ ፊርማ ነው። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ቆሜ፣ ፊርማው የኔ ነው፣ ቃሉ ግን የኔ አይደለም፣ እንዴት እንደፈረምኩም ይኸውና ብዬ ልናገር ቆርጫለሁ። ለወይዘሮ ሙሚና አልነገርኳትም፤ እግሬ ቢከዳኝ ሁለተኛ እንዳታዝንብኝ ብዬ ነው። ላንቺ የነገርኩሽ ግን እንዳይከዳኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። እስከ ፋሲካ ወሬዬን ካጣሽ ሙላውን በሚሰጥሽ አድራሻ ፈልጊው፣ እሱ ያለሁበትን ያውቃል። ቆቦ ድረስ እንዳትመጪ። አደራ ብዬሻለሁ።

እትዬ ከፈለችን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ስላሳደሩሽ ስላበሉሽ እግዜር ይስጥልን በያቸው። ጋሽ ፈንታውን ከጉንፋኑ እንዲጠነቀቁ ንገሪያቸው። ትንሿን ወይንሸትን ከነጥርሷ ሳሚያት። ባለ ሱቁን ጎረቤታችሁን አቶ ታምሬን፣ ያኔ ስመጣ ጃንጥላ ያዋሱኝን፣ እንዳልረሳኋቸው ንገሪልኝ። ሞላሌ ላለችው ለእማዬ ስትጽፊ ደግሞ፣ አላምረው ደህና ነው በያት። እስከ ሰኞ ድረስ እውነት ነው።

ወንድምሽ አላምረው

ቆቦ፣ የካቲት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.